በክኒን የተከራከረች ሴት

ሸማ ተራ ውስጥ የመጀመሪያ ዋጋ ሰላምታ ነው። ይመልሱታል እንጂ ቤት ይዘውት አይሄዱም። ነጋዴው ዋጋውን ይናገራል፤ ገዢው ይስቃል ወይም ያማትባል፤ ከዚያ ግማሹን ይጠራል። ነጋዴው በልጆቹ ይምላል። ገዢው ፊቱን አዙሮ ጥቂት ይራመዳል፣ ይጠሩታል፣ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚደረስበት ዋጋ ሁለቱም ገና ሲተያዩ በልባቸው የያዙት ነው። ለምን ከዚያው አይጀመርም ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ካለም የመርካቶ ሰው አይደለም።

ሀምዲያ በዚህ ደንብ ያደገች ናት። ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ደንበኞቿ በአብዛኛው ክርስቲያኖች ስለሆኑ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ የሚውሉበትን ቀን ከብዙ ክርስቲያን አሳምራ ታውቃለች። ረመዳን ሲገባ እሷ ትጾማለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ገበያዋ ይጾማል።

ደንቡ ከሱቅ ውጭም ይከተላታል። ባሏ ሰላሃዲን ጎጃም በረንዳ ማርና ቅቤ ያከፋፍላል። ያኔ ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቃት አባቷ አስበንበት ከወር በኋላ እንመልሳለን አሉ። ሀምዲያ በአክስቷ በኩል አሥራ አምስት ቀን ይበቃል ብላ ላከች። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እያለ ከታክሲ ረዳት ጋር ትከራከራለች። ልጇን ሁዛይፋን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ በሄደች ጊዜ ርእሰ መምህሩ በአንድ ክፍል ሃምሳ ተማሪ እንደሚቀመጥ ነገሯት። «አርባ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ርእሰ መምህሩ ዛሬም ሲያገኙኝ ስለዚያ ቀን ያነሱልኛል።

እናቷን እትዬ ሐጀራንም አውቃቸው ነበር። ያኔ ሸማ ተራ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሲሆን ሰው የሚከራከረው ከዝናቡ በላይ እየጮኸ ነበር። እናቴ ጥምቀት ሲቃረብ እጄን ይዛ ትወስደኛለች። ነጠላ ሳትገዛ የተመለሰችበት ዓመት ይበዛል፤ እትዬ ሐጀራ ጋ ሳትቀመጥ የተመለሰችበትን ግን አላስታውስም። እትዬ ሐጀራ እያወሩ የነጠላውን ዘርፍ ጭናቸው ላይ እያሻሹ ይቋጫሉ። የመጨረሻ ልጃቸውን ያረገዙ ጊዜ የተቆለለ ጋቢ ተደግፈው መቋጨት ጀመሩ። መዳፋቸው ነጥቶ ከጥጡ አይለይም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁትን አዋቂዎቹ ይዩት አይዩት አላውቅም። በወለዱ ማግስት ሞቱ። ደማቸው አልቆ ነው ተባለ፤ ቀናቸው ደርሶ ነው ተባለ። ሁለተኛው ለሁሉም በቂ ምክንያት ስለነበር በመጀመሪያው ላይ የተወያየ የለም። ሀምዲያ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

አሁን ቆርቆሮው ፈርሶ ሕንፃ ሆኗል። የሀምዲያ ሱቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሕንፃው በተመረቀ ሳምንት ለጥገና ቆሞ፣ አሁንም ጥገና ላይ ነው።

አምና፣ ሁዛይፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቤተሰቡ ሁሉ ልጅ መጠበቁን ከተወ በኋላ፣ ሀምዲያ እንደገና አረገዘች። ሁዛይፋን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት፣ የሰው ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። ስለዚያ አታወራም። ብቻ በዚህኛው እርግዝና ከአራተኛው ወር ጀምሮ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት አቃታት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ለምን እንደምትቆም ሲጠይቋት የተፎካካሪዎቿን ዋጋ ለማየት ነው ትላለች። ጥሬ ሩዝ በኪሷ እየያዘች መቆርጠም ጀመረች። አንድ ቀን ጋቢ ስታጥፍ ዓይኗ ጭልም አለባትና በጋቢው ላይ ተቀመጠች። ገዢዋ ጥራቱን እያሳየቻት መስሏት እሷም አጠገቧ ተቀመጠች።

ከሱቋ ፊት ለፊት ጥለት የሚሸጡት ጋሽ ማሙሸት ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ያያሉ። እሳቸው ናቸው ለሰላሃዲን ስልክ የደወሉት። ሚስትህ ትናንት ከአንዲት ደንበኛ ጋር ሳትከራከር ውላለች፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት አሉት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የእርግዝና ክትትል ክፍሉን የያዘችው ሲስተር ያለምወርቅ ናት። ወጣት ናት። ከሰላሌ ገጠር ተዛውራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። እዚያ በነበረችበት ቦታ ያልመጣች እናት ትቀራለች እንጂ የመጣች እናት የተባለችውን ታደርጋለች። የሀምዲያን የዓይን ቆብ ገልጣ አየች፣ መዳፏን ገልብጣ አየች፣ ከጣቷ ደም ወስዳ አስመረመረች። ቢያንስ አሥራ አንድ መሆን ያለበት የደም መጠን ስምንት ሆኖ ተገኘ። ከአሥራ አንድ ላይ ስምንት ለሀምዲያ መጥፎ ዋጋ አልነበረም። ሲስተር ግን ፊቷ ጠቆረ።

ደም የሚሠራው በብረት ማዕድን መሆኑን፣ በሆድ ያለው ልጅ ድርሻውን ከእናቱ እንደሚወስድ፣ ከምግቡ የሚገባው ለሁለት እንዳልበቃ አስረዳቻት። ጉበት፣ ሥጋ፣ ምስር፣ ጎመን ብዪ አለቻት፤ በእርግጥ «ይብሉ» ነው ያለቻት፣ ሲስተር ለታላላቆቿ አንቺ አትልም። ከዚያ የብረት ክኒን ሰጠቻት። በየቀኑ አንድ፣ ሳይቋረጥ፣ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ። ሻይና ቡና ክኒኑ እንዳይሠራ ስለሚያደርጉ አብሮ አይወሰድም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቅ። ሰገራ ያጠቁራል፣ አያስደንግጥዎት። ሆድ ቢረብሽ ይለመዳል።

ሀምዲያ ሁሉንም በጥሞና ሰማች። ከዚያ ወንበሯን ትንሽ ጠጋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ ሲስተር፣ አሁን የመጨረሻውን ንገሪኝ» አለቻት።

ሲስተር የመጨረሻው ይኸው ነው አለቻት። ሀምዲያ በሕይወቷ የመጨረሻው ይኸው ነው ያላላት ነጋዴ አጋጥሟት አያውቅም። ስለዚህ አልተገረመችም። ከመውጣቷ በፊት የመውለጃዋን ጊዜ ጠየቀች። ጥር መጀመሪያ ላይ፣ ከጥምቀት በፊት መሆኑ ሲነገራት የዓመቱ ትልቁ ገበያ መሆኑን ገልጻ ከጥምቀት በኋላ እንዲደረግላት ጠየቀች። ሲስተር ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ክኒኑ በነፃ መሆኑ ሌላ ጥርጣሬ ፈጠረ። በነፃ የሚሰጥ ዕቃ አንድም ጊዜው ያለፈበት ነው፣ አንድም የሚያስከትለው ነገር አለ። ሀምዲያ ጀርባውን ገልብጣ ቀኑን አየች፤ አላለፈበትም። ከዚያ ሂሳቡን ሠራች። ሲስተሯ በየቀኑ ካለች የፈለገችው በየሁለት ቀኑ ነው። በየሁለት ቀኑ ጀመረች። በሳምንቱ ሆዷን አቅለሸለሻት፣ ሰገራዋም እንደተባለው ጠቆረ። እንከን የተገኘበት ዕቃ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። በሳምንት ሁለት ሆነ።

ሻዩም ነበር። ሸማ ተራ ሽያጭ ሲያልቅ ሻይ ይጠጣል። ሶሬሳ የሚባል ሻይ ሻጭ ትሪውን በራሱ ላይ ይዞ ከፎቅ ፎቅ ይዞራል፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ የት ሽያጭ እንዳለቀ በድምፁ ያውቃል። ሁለት ሰዓት ይራራቅ የሚለውን ሀምዲያ እንደ መነሻ ዋጋ ነው የያዘችው። ሻዩ በመጠኑ እስኪበርድ ትጠብቅና ክኒኗን በሻዩ ታወራርዳለች።

በሁለተኛው ክትትል ስምንቱ ስምንት እንደሆነ ቆየ። ሲስተር ክኒኑን እየወሰደች እንደሆነ ጠየቀቻት። ሀምዲያ እወስዳለሁ አለች። በትክክል? በትክክል። አልዋሸችም፤ በተስማማችው ልክ እየወሰደች ነበር። የተስማማችው ከራሷ ጋር መሆኑን የጠየቃት የለም። ሲስተር ሰገራዋን አስመረመረች፣ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጠቻት፣ ክኒኑ በጥሩ ሁኔታ አልተቀመጠ ይሆናል ብላ ከሌላ ካርቶን ቀየረችላት፣ ወባ ያለበት አገር ሄዳ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሀምዲያ ከመርካቶ አልወጣሁም አለች።

በሦስተኛው ክትትል ወደ ሰባት ተኩል ወረደ። ጊዜው ጥቅምት ነበር። ሲስተር ሌላውን ሥራዋን አቁማ በሩን ዘጋች።

«እትዬ ሀምዲያ፣ ይስሙኝ» አለቻት። «ሁዛይፋን ሲወልዱ ደም ፈስሶዎታል። አሁንም ሊፈስዎት ይችላል። ሌላ ሴት ብትሆን ፈስሷት ትተርፋለች። እርስዎ በዚህ ደም ምጥ ከገቡ ግን የሚፈስ የለዎትም።»

ሀምዲያ የነጠላዋን ጫፍ ሆዷ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ «ልጁስ?» አለች።

«ልጁም የሚወስደው ከዚያችው ነው።»

በወር ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወደ ሆስፒታል እንደምትልካት፣ እዚያም በደም ሥር መድኃኒት ወይም ደም ራሱን እንደሚሰጧት ነገረቻት። ሀምዲያ እየፈራች ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስለ እናቷ እንዳሰበች ኋላ ላይ ነግራኛለች፤ ፊታቸውን ሳይሆን የደገፉትን የጋቢ ቁልል ነው ያሰበችው። መፍራትና የተጠራ ዋጋን ማመን ግን ለየብቻ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ይወሰድ የነበረው ክኒን ሦስት ሆነ። ይህ በእሷ ዘንድ ትልቅ ጭማሪ ነው።

ሲስተር ያለምወርቅ በዚያው ሰሞን ወንድሟ ሊያገባ ነበርና ለእናቷ የሚሆን ነጠላ ፍለጋ ሸማ ተራ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሀምዲያን ስታገኛት ሁለቱም ደነገጡ። ሀምዲያ እንግዳዋን አስቀምጣ ምርጥ ምርጡን ዘረገፈችላት። ሲስተር ሰማያዊ ጥለት ያለውን መረጠች፣ ዋጋውን ጠየቀች። ሀምዲያ ጠራች። ሲስተር ቦርሳዋን ከፍታ መቁጠር ጀመረች።

ጋሽ ማሙሸት ከወንበራቸው ተነሱ። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሀምዲያ ፊቷ ቀልቶ፣ ሊቀላ የሚችለውን ያህል ማለቴ ነው፣ የሲስተርን እጅ ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው ሲስተር?»

«ልከፍልዎት ነው።»

«እንዴት ትከፍያለሽ፤ ገና ዋጋ ሳንነጋገር?»

ሲስተር አሁን ነገሩኝ አይደል ወይ አለች። ጋሽ ማሙሸት ጣልቃ ገብተው፣ ልጄ፣ የተጠራና የተቆረጠ ዋጋ ይለያያል፣ በተጠራው ገዝተሽ ብትሄጂ እቺ ሴት እንደ ሰረቀችሽ ነው የሚቆጠረው፣ እኛም ዝም ብለን አየን እንባላለን ብለው አስረዷት። መጀመሪያ ግማሹን መጥራት እንዳለባት፣ ከዚያ መሄድ እንዳለባት፣ በየት በኩል እንደምትሄድና የት ጋ ስትደርስ እንደምትጠራ ጭምር አሳዩአት። ሲስተር እንደተባለችው አደረገች። እየሄደች ሳቋ መጣ፤ ጋሽ ማሙሸት እየሳቁ አይኬድም አሏትና ከመጀመሪያው አስጀመሯት። በመጨረሻ ነጠላው ተሸጠ። ሶሬሳ ሻይ ይዞ መጣ።

ሀምዲያ ከመሳቢያዋ ክኒን አወጣችና ለሲስተር በኩራት አሳየቻት። ከዚያ ብርጭቆውን አንስታ በሻይ ዋጠችው።

ሲስተር ሻይዋን አስቀመጠች። ነጠላውን አየች፣ ጋሽ ማሙሸትን አየች፣ ሀምዲያን አየች።

«እትዬ ሀምዲያ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ በየቀኑ አንድ ያልኩዎትስ?»

ሀምዲያ ጋቢ ማጠፍ ጀመረች። ቀድሞ የታጠፈ ጋቢ ነበር።

«ወደ ስንት አወረድሽው?» አሏት ጋሽ ማሙሸት።

«በሳምንት ሦስት።»

«ጎበዝ» አሉ ጋሽ ማሙሸት፣ ከልማድ። ከዚያ የሲስተርን ፊት ሲያዩ ተቀመጡ።

ሲስተር አልተቆጣችም። ቢያንስ እዚያ አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። የጤና ጣቢያውን ጤና መኮንን አማከረች። ደሟ እዚህ ደረጃ ለወረደ ሴት በቀን ሁለት፣ አንድ ጠዋት አንድ ማታ፣ ያስፈልጋታል ተባለች። ሁለት ብላ ብትነግራት ሀምዲያ አንድ እንደምትውጥ፣ እሱንም በሻይ እንደምታወራርደው አሁን ገብቷታል። ትምህርት ቤት ስለዚህ የተማረችው ነገር አልነበረም። መስተዋት ፊት ቆማ ፊቷን ሳትስቅ መያዝ ተለማመደች።

ሀምዲያ ለክትትል ስትመጣ ሲስተር ሰላምታ ሰጥታ፣ ደሟን አስመርምራ፣ ካርዱን ወደ ጎን አደረገችና «ሦስት» አለች። «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።»

ሀምዲያ የዘጠና ዓመት ሰው ያረጀ ጋቢ እንድትገዛው የለመናት ያህል አየቻት። «በቀን ሦስት? ወላሂ ይህን የዋጠ ሰው የለም። አንድ።»

«በአንዱ ምን ላይ እንደደረስን አየን። ሦስት።»

«በአንዱ አላየነውም፤ በግማሹ ነው ያየነው» አለች ሀምዲያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታስበው እውነቱን እየተናገረች። «አንድ ተኩል።»

«ክኒን አይቆረስም።»

«ሆዴን ያመኛል።»

«ያመኛል ብለው ወደ ሳምንት ሦስት አውርደውታል። አሁን ደግሞ እኔን ያመኛል። ሦስት።»

ሀምዲያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ወደ በሩ ሄደች፣ እንደ ደንቡ ሳትቸኩል። ሲስተር ሌላ ካርድ አንስታ ማንበብ ጀመረች። ሀምዲያ በሩ ጋ ደረሰች። ማንም አልጠራትም። መያዣውን ያዘች። ሲስተር ገጽ ገለበጠች።

ከዚያች ክፍል ውጭ ረዥም ወረፋ ነበር፤ ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች አንዲት ነፍሰ ጡር በሩን ገርበብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታቸው ለረዥም ጊዜ እንደቆመች ያስታውሳሉ። ሀምዲያ ስንትና ስንት ሱቅ ትታ ሄዳለች። ትታ የሄደችው ዕቃ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ሱቅ ይገኛል። ይህኛው የሚገኝበት ሌላ ሱቅ አልነበረም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠሯት ተመለሰች።

«ሁለት» አለች ተቀምጣ። «ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ብትገድዪኝም የለኝም።»

ሲስተር ጣሪያውን አየች። በረዥሙ ተነፈሰች። እንደከሰረ ሰው ራሷን ነቀነቀች። «ከተመለሱልኝ አይቀር ይሁን። ሁለት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሻይ ግን ሁለት ሰዓት ወዲህ፣ ሁለት ሰዓት ወዲያ።»

«ሻይ ሳልጠጣ በምን ልሸጥ?»

«እሱን ከሁለቱ ጋር ነው የሸጥኩልዎት። ለየብቻ አይሸጥም።»

ሀምዲያ አሰበች። ጥቅል ሽያጭ ታውቃለች፤ ራሷም ነጠላና ጋቢ እንዲህ አድርጋ ትሸጣለች። «ምርቃትስ?» አለች።

ሲስተር ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ምርቃት በዕቃው ላይ ሻጩ ከኪሱ የሚጨምራት ትንሽ ነገር እንደሆነች ግን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ቦርሳዋን ከፍታ ለምሳዋ የያዘችውን ብርቱካን አወጣችና ሰጠቻት። ክኒኑን ከዚህ ጋር ይዋጡት፣ ብርቱካን ሲያጡ ሎሚ በውሃ ይጭመቁ፣ ደም ውስጥ እንዲገባ ያግዘዋል አለቻት። ሀምዲያ ብርቱካኑን በእጇ መዘነችው። መጠኑ ደህና ነበር።

ስለ ሀምዲያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ የተጠራላትን ዋጋ አምና አታውቅም፣ ተከራክራ የቆረጠችውን ዋጋ ደግሞ አፍርሳ አታውቅም። የመጀመሪያው ሰው የነገራት ነው፣ ሁለተኛው የራሷ ቃል ነው። በማግስቱ ሱቋን ከፍታ ለጋሽ ማሙሸት በሁለት እንደተስማማች ነገረቻቸው። እሳቸው ከሦስት መነሳቱን ሲሰሙ ሲስተሯ መርካቶ ሱቅ ብትከፍት ያዋጣታል አሉ። ምስክር ስለሆኑም ኃላፊነቱን ወሰዱ። የማታው ክኒን ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ነበርና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ገዢ ቢኖርም ባይኖርም ከወንበራቸው ሆነው «ዋጥሽ?» ይሏታል። አንዲት ደንበኛ የተጠየቀችው እሷ መስሏት ምራቋን ዋጠች።

ሶሬሳ ከሁሉ በላይ ተቸገረ። ሽያጭ በተፈጸመበት ሱቅ ሻይ ሳያስቀምጥ ማለፍ ለእሱ ለቅሶ ቤት ሳይገቡ እንደማለፍ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳስቶ አስቀመጠ። ከዚያ በትሪው ላይ የሎሚ ውሃ የያዘ አንድ ብርጭቆ ለብቻው ይዞ መዞር ጀመረ። ሰላሃዲን በበኩሉ ከጎጃም በረንዳ ሲመለስ ጉበት ገዝቶ ይገባል። ሁዛይፋ ጉበት ማየት አስጠልቶት ነበር፤ አንድ ማታ አባቱን መቼ ነው እማዬ የምትወልደው ብሎ ጠየቀ። ለእህት ወይ ለወንድም ጓጉቶ መሰላቸው።

በኅዳር መጨረሻ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሆስፒታል የመላኩ ነገር ተተወ፤ የምትወልደው ግን የድሮው መፍሰስ ስላለባት እዚያው ሆስፒታል እንዲሆን ሲስተር ወሰነች። በዚህኛው ላይ ሀምዲያ አልተከራከረችም፤ ሲስተር ክርክሩን ጠብቃ ተዘጋጅታ ስለነበር ትንሽ ቅር አላት። ሀምዲያ ሩዝ መቆርጠሙን መቼ እንደተወችው አታስታውስም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መቆሙን ግን አልተወችም። አሁን የምትቆመው በእርግጥም ዋጋ ለማየት ነበር። ከገና በፊት በነበረው የመጨረሻ ምርመራ አሥራ አንድን ትንሽ አለፈ።

ምጡ የመጣው ሳምንት ለጥምቀት ሲቀር፣ ሰው ከሰው በማይተላለፍበት ቀን ነው። ሀምዲያ ለሦስት እህትማማቾች ነጠላ እየሸጠች ነበር። ታላቂቱ የማይረባ ዋጋ ጠራች። ሀምዲያ «ውሰዱት» አለች። ጋሽ ማሙሸት ይህን እንደሰሙ ምንም ሳይጠይቁ ሰላሃዲን ጋ ደወሉ።

ከቀትር በኋላ ሰላሃዲን ከሆስፒታል መልሶ ደወለላቸው። ሴት ልጅ ተወልዳለች። ሀምዲያ ግን ደም እየፈሰሳት ነው፣ ሐኪሞቹ ተሯሩጠው ገብተዋል፣ ደም ሊያስፈልግ ይችላል፣ ሰው ይቅረብ ተብሏል። ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሽ ማሙሸት ጥለት ለመግዛት ከተሰለፈ ሰው ፊት ሱቃቸውን ዘጉ። አጠገባቸው ያለችው ነጋዴም ዘጋች፣ ከታች ፎቅ ሁለት የሀምዲያ ተፎካካሪዎች ዘጉ፣ ሶሬሳ ትሪውን ለዘበኛው ሰጠ። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ሸማ ተራ በቀን ሱቅ ሲዘጋ እኔ ሰምቼ አላውቅም። በአንድ ሚኒባስ ሄዱ። መንገድ ላይ ያወራ ሰው አልነበረም፤ ረዳቱ ለቅሶ የሚሄዱ መስለውት ሂሳብ ሲቀበል ነፍስ ይማር አላቸው። ጋሽ ማሙሸት ገና ነው አሉት።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ሰላሃዲን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አብረውት ቆሙ። ለረዥም ጊዜ በሩ አልተከፈተም። ሲከፈት የወጣችው ሐኪም ወጣት ናት፤ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ቆሟል አለች። ብዙ ፈስሷታል፣ ግን ስትገባ የነበራት ደም ጥሩ ስለነበር ተቋቁማዋለች፣ ለጊዜው ደም መስጠት አያስፈልግም፣ እንከታተላታለን። ሰላሃዲን ተቀመጠ። የተቀመጠው ወለሉ ላይ ነው፤ ወንበር በአጠገቡ ነበረ።

ጋሽ ማሙሸት ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ። ሱቅ ዘግተን ነው የመጣነው አሉ። ሐኪሟ አመስግናቸው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ደም መለገስ እንደሚችሉ፣ ለማንኛውም ለሚያስፈልገው ሰው እንደሚውል ነገረቻቸው። ለማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ በስንት እንደሆነ ሳይነጋገሩ አንድም ነገር ሰጥተው አያውቁም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ሶሬሳ ብቻ በኪሎ ማነስ ተመለሰ፣ እስካሁንም ቅር እንዳለው ነው። ጋሽ ማሙሸት በማግስቱ ክንዳቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ሲሸጡ ዋሉ፣ ለማንም አልቀነሱም።

ሀምዲያ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ገባች። ልጅቱ ኢማን ተባለች። ሲስተር ያለምወርቅ ወሬውን ከሰላሃዲን ሰምታ ስለነበር ስትደውልላት ድምፅዋን ለመስማት ብቻ ነበር። ሀምዲያ ስልኩን ያነሳችው ልጇን እያጠባች ነው። ስለ ልጅቱ አወሩ፣ ስለ ጥምቀት ገበያ አወሩ። ሁዛይፋ ከአክስቷ ጋር ሱቅ ከፍቶ እንደዋለ፣ የሸጠበትን ዋጋ ሰምታ እንቅልፍ እንዳጣች ነገረቻት።

ሲስተር ስንት ፈሰስዎት አለቻት።

«ብዙ ነው አሉኝ» አለች ሀምዲያ። ትንሽ ቆይታ፣ «ግን ነበረኝ» አለች።

ሲስተር ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው። ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ተራዋን እየጠበቀች ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ስትመልሰው ሀምዲያ ስለ ክኒኑ እየጠየቀቻት ነበር፤ እንግዲህ ከወለድኩ ለስንት ወር ነው የምውጠው እያለች።

ሲስተር የምትፈልገው ሦስት ወር ነበር።

«ስድስት» አለች።